«እርጅና ነው» ከማለታችን በፊት፤ ስለ ዓይንና ስለ ደም ሥር

ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር መናገር ይገባናል። እኛ የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ነን፤ የዕለት ሥራችን ሰዋስውና ታሪክ ነው እንጂ ሕክምና አይደለም። ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ዓይን በሽታ ለመጻፍ ብዕር ስናነሣ፣ የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኞቻችን «ይህስ የእኛ ድርሻ ነበር» ቢሉ አንፈርድባቸውም። ይሁን እንጂ ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰ ነገር ነው። ነገሩ ከደረሰ ወዲህ በቤተ መጻሕፍት ያገኘነውን አነበብን፤ ያልገባንንም የሚያውቁትን ጠየቅን። ያገኘነው ትምህርት ለተማሪ ሁሉ፣ ይልቁንም አያቱንና ወላጆቹን በገጠር ትቶ ለመጣ ተማሪ የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ስለ ጥናትና ስለ ግኝት የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ነገሩ እንዲህ ነው። አያታችን ዕድሜያቸው ከሰባ አምስት ያለፈ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ በገጠር የሚኖሩ፣ በፈትል ሥራቸው የታወቁ ሴት ናቸው። የግራ ዓይናቸው ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በሞራ የደበዘዘ ስለ ነበረ የሚያዩት በቀኙ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት በመስከረም ለበዓል ወደ ቤት በሄድን ጊዜ፣ መደብ ላይ ተቀምጠው ሲፈትሉ ቆይተው ድንገት ቀና አሉና «እናንተ ልጆች፣ ምሰሶው ጎብጧል፤ ቤቱ ሳይወድቅብን አባታችሁን ጥሩልኝ» አሉን። ምሰሶውን አየነው፤ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። «እማማ፣ ምሰሶውስ ደኅና ነው፤ እርጅና ነው እንዲህ የሚያሳይዎት» ብለን ሳቅን። እርሳቸውም አብረውን ሳቁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሰው ፊት መለየት ተሳናቸው። ከዳር ያለውን ያያሉ፤ የሚያተኩሩበት መካከሉ ግን እንደ ጭስ ባለ ጥቁር ነገር ተጋርዶባቸዋል። በአካባቢው ወደሚገኝ አንድ የሕክምና ቤት ቢወሰዱ «እርጅና ነው» ተብለው ተመለሱ። እኛም ያልነው ይህንኑ ስለ ነበረ የምንከስሰው ሰው የለም። በመጨረሻ፣ ምሰሶው ከጎበጠባቸው ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በሰኔ ወደ አዲስ አበባ መጥተው ከአንድ የሬቲና ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። ሐኪሙ በመሣሪያው ረዘም ላለ ጊዜ ከተመለከተ በኋላ፣ በቀኝ ዓይናቸው ውስጥ ደም የሚያፈስሱ አዳዲስ የደም ሥሮች በቅለው እንደ ነበረና አሁን ስፍራው ጠባሳ እንደ ሆነ አስረዳን። «ምሰሶው ጎብጦ የታያቸው ሰሞን አምጥታችኋቸው ቢሆን ኖሮ የምናደርገው ነገር ነበር» አለን። የደም ግፊታቸውም ሲለካ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ፤ ከዚያ በፊት ማንም ለክቶት አያውቅም።

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። የደም ሥርና የዓይን ማርጀት ምን ያገናኛቸዋል? የትኛውስ ነው እርጅና፣ የትኛውስ ነው በሽታ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንን መመርመር ነው።

፩. በአንድ ስም የሚጠሩ ሦስት ነገሮች

በአገራችን ሽማግሌ ሰው «ዓይኔ ደከመ» ሲል መልሱ አንድ ነው፤ እርጅና። በእውነቱ ግን በዚህ በአንድ ቃል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠቀለላሉ።

የመጀመሪያው፣ ከአርባ ዓመት በኋላ ለማንኛውም ሰው የሚደርስ ነው። በዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ ከዕድሜ ጋር ይደርቃል፤ እንደ ልጅነቱ ቅርፁን እየለዋወጠ ቅርብና ሩቅ ማስተካከል ይሳነዋል። መምህራችን መጽሐፉን ከፊታቸው እያራቁ ሲያነቡ የምናየው ለዚህ ነው። ይህ በእርግጥ ዕድሜ ነው፤ መድኃኒቱም መነጽር ነው።

ሁለተኛው ሞራ ነው። ያው ሌንስ ጥራቱን ያጣና እንደ ጉም ይሆናል። ይህ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ በምትኩ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፤ ብዙ ሰውም ብርሃኑን መልሶ ያገኛል።

ሦስተኛው ከሁለቱም ይለያል። የሚደርሰው በፊት ባለው በሌንሱ ላይ ሳይሆን ከኋላ ባለው በሬቲና ላይ ነው። እዚህ የጠፋው ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም፤ መነጽርም አይረዳውም። የደም ሥር ነገር ዋና ሆኖ የሚመጣው በዚህ በሦስተኛው ክፍል ስለ ሆነ፣ ከእንግዲህ የምንናገረው ስለ እርሱ ነው።

፪. ደም ወደ ዓይን የሚደርስበት መንገድ

ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ በውስጥ በኩል የሚለብጥ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ብርሃን የሚቀበሉ ከ100 ሚሊዮን የሚበልጡ ሕዋሳትን ይዟል። እነዚህ ሕዋሳት ቀንም ሌሊትም አያርፉም። ከክብደቱ ጋር ሲመዛዘን የሬቲናን ያህል ኦክሲጅን የሚፈጅ ክፍል በሰውነታችን ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ብዙ የሚበላ ደግሞ ቀለብ የቋረጠበት ዕለት ቶሎ ይጎዳል።

ቀለቡም የሚመጣለት በሁለት መንገድ ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚነሡት በአንገታችን በኩል ወደ አንጎል ከሚወጣው ትልቅ ደም ቅዳ ነው። (ከልብ ደም የሚያመጣው ደም ቅዳ፣ ወደ ልብ የሚመልሰው ደም መልስ መባሉን ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችን እናስታውሳለን።) አንደኛው መንገድ በማየት ነርቭ ውስጥ አልፎ ወደ ዓይን የሚገባ ቀጭን ደም ቅዳ ነው፤ እርሱም ገብቶ በሬቲና ፊት ላይ ይበታተናል። ሁለተኛው ከሬቲና በስተኋላ ያለው፣ ኮሮይድ የሚባለው፣ እንደ ስፖንጅ በደም ሥር የተሞላ ሽፋን ነው። ወደ ዓይን ከሚመጣው ደም አብዛኛው የሚያልፈው በዚህ በሁለተኛው ነው።

እዚህ ላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በሬቲና መካከል ማኩላ የምትባል ትንሽ ስፍራ ትገኛለች፤ ሙሉ ስሟ በላቲን ማኩላ ሉቴያ፣ ማለት ቢጫ ነጥብ ነው። የምናነበው፣ መርፌ የምናሰካው፣ የሰው ፊት የምንለየው በርሷ ነው። የማኩላ እምብርት ግን በፊቷ በኩል ምንም የደም ሥር የላትም፤ የደም ሥር ቢኖርባት ብርሃኑን ይጋርደው ነበርና። ስለዚህ ከሁሉ ይልቅ የምንፈልጋት ነጥብ ሕይወቷ ከኋላ ባለው በኮሮይድ ላይ የተመሠረተ ነው። ኮሮይድ ሲጎዳ አስቀድሞ የሚያጣው ማን እንደ ሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል።

፫. ደም ሥርን ያለ ቢላዋ ማየት

የሰው ብሌን ጥቁር ሆኖ የሚታየን ለምንድን ነው? በውስጡ ጨለማ ስላለ አይደለም። ወደ ዓይን የገባ ብርሃን የሚመለሰው በመጣበት መንገድ ነው፤ ያንን ተመላሽ ብርሃን ለማየት ራሳችንን በመንገዱ ላይ ብናደርግ ደግሞ የሚገባውን ብርሃን እንጋርደዋለን። ይህንን እንቆቅልሽ የፈታው በኬኒግስበርግ ያስተምር የነበረው ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። በብርሃንና በተመልካች መካከል መስተዋት አጋድሞ፣ ብርሃኑ በተመልካቹ የእይታ መስመር እንዲገባ አደረገ፤ ስለዚህም መሣሪያ በ1851 መጽሐፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ሠላሳ ዓመት ገደማ ነበር። መሣሪያው ኦፍታልሞስኮፕ ይባላል፤ ዛሬም ሐኪሞች በየዕለቱ የሚይዙት የርሱ ልጅ ነው።

በዚህ መሣሪያ ወደ ዓይን ውስጥ የተመለከተ ሰው ቀይ መሬት ላይ ከአንድ ነጥብ ተነሥተው የሚበታተኑ የደም ሥሮችን ያያል። በአማርኛችን «ሥር» መባላቸው ምን ያህል እንደሚስማማቸው የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ በእርግጥም የዛፍ ሥር ይመስላሉ። ይልቁንም ትልቁ ቁም ነገር፣ በሰው ገላ ላይ ቢላዋ ሳያርፍ የደም ሥርን እንዲህ በግልጥ ማየት የሚቻልበት ስፍራ ዓይን መሆኑ ነው። በልብ፣ በኩላሊትና በአንጎል ውስጥ ያሉት ቀጫጭን የደም ሥሮች እንዴት እንደ ሰነበቱ ለማወቅ የሚፈልግ ሐኪም ዓይንን እንደ መስኮት ይጠቀምበታል።

የዚህም ማስረጃ በ1939 በሚኒሶታ በሜዮ ክሊኒክ ከነበሩት ከኪት፣ ከዋግነርና ከባርከር ጥናት ይገኛል። እነዚህ ሐኪሞች ደም ብዛት ያለባቸውን ሰዎች በሬቲናቸው ላይ በታየው ጉዳት መጠን በአራት ደረጃ ከፈሏቸው። ያን ጊዜ ለደም ብዛት የሚረባ መድኃኒት አልነበረም። በመጀመሪያው ደረጃ ከነበሩት መካከል ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 70 ያህል ነበሩ፤ በአራተኛው ደረጃ ከነበሩት ግን ከመቶ 6 ብቻ። የሰውን ዕድሜ ከዓይኑ ውስጥ አነበቡት ማለት ነው። በ2001 የታተመ ሌላ የአሜሪካ ጥናትም በሬቲና የደም ሥር ላይ ጉዳት የታየባቸው ሰዎች፣ የደም ግፊታቸው መጠን ከታሰበ በኋላ እንኳ፣ ከሌሎች ይልቅ ለስትሮክ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

ደም ብዛት ዓይንን የሚጎዳበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ እንመልከት። በሬቲና ላይ ደም ቅዳውና ደም መልሱ በሚተላለፉበት ስፍራ ሁለቱ በአንድ ሽፋን ተጠቅልለዋል። ደም ቅዳው በዕድሜና በግፊት ብዛት ሲወፍርና ሲደድር፣ አብሮት የታሰረውን ለስላሳ ደም መልስ ይጫነዋል። በዚያ ጠባብ ስፍራ ደሙ ይዘገያል፤ ይረጋል፤ መንገዱም ይዘጋል። ወደ ኋላ የተመለሰው ደም በሬቲና ላይ ይፈስሳል። ሰውዬው አንድ ቀን ጧት ከእንቅልፉ ሲነሣ አንድ ዓይኑ ደብዝዞ ያገኘዋል፤ ሕመም የለም፤ መቅላት የለም። «ምች መታኝ» ብሎ ቤቱ ይቀመጣል። እውነቱን ስንናገር ግን ያ ማስጠንቀቂያ ለዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ለልቡና ለአንጎሉም ጭምር ነው።

፬. ማኩላ እንዴት ይደክማል?

አሁን ወደ አያታችን በሽታ እንመለስ። በሐኪሞች ዘንድ «በዕድሜ ምክንያት የሚመጣ የማኩላ መድከም» ይባላል። በ2014 የታተመ አንድ ግምት እንደሚለው በ2020 በዓለም ላይ 196 ሚሊዮን ሰዎች፣ በ2040 ደግሞ 288 ሚሊዮን ሰዎች ይህ በሽታ በልዩ ልዩ ደረጃ ይኖርባቸዋል።

ብርሃን የሚቀበሉት ሕዋሳት አርጅቶ የተቃጠለ ጫፋቸውን በየቀኑ ይጥላሉ፤ በአሥር ቀን ገደማ ውስጥም ያን ክፍላቸውን ፈጽመው ያድሳሉ። የጣሉትን ቆሻሻ ከኋላቸው ያለ አንድ ረድፍ ሕዋስ እየዋጠ ይፈጨዋል፤ ትርፍራፊውም ብሩክ በሚባል ስስ ሽፋን አልፎ ወደ ኮሮይድ ደም ይወርዳል። ኦክሲጅንና ምግብም በዚያው ሽፋን በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ሽፋኑ ስሙን ያገኘው በ1844 ስለርሱ ከጻፈው ከጀርመናዊው ካርል ብሩክ ነው። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ሺኛ 2 እስከ 4 እጅ ብቻ ስለ ሆነ፣ እንደ ጥሩ ወንፊት ልንቆጥረው እንችላለን።

ወንፊቱ ግን ከዕድሜ ጋር ይደፈናል። ይወፍራል፤ ኮሌስትሮልና ሌላ ስብም ይጠራቀምበታል። ይህ ነገር በልብ ደም ቅዳ ግድግዳ ላይ ስብ ሲጠራቀም ከሚሆነው ጋር እንደሚመሳሰል ሊቃውንቱ ያመለክታሉ። ቆሻሻው መውረጃ ሲያጣ ድሩዘን የሚባሉ ቢጫ ክምችቶች ይሠራሉ። ከሞቱ ሰዎች የተገኙ ዓይኖች በማይክሮስኮፕ ሲመረመሩም፣ በሽታው ያለባቸው ሰዎች በማኩላቸው ስር ያሉት ቀጫጭን የኮሮይድ የደም ሥሮች ሳስተውና ጠፍተው ተገኝተዋል። የትኛው እንደሚቀድም፣ ማለት የደም ሥሩ ነው ወይስ ወንፊቱ የሚለው፣ በሊቃውንቱ መካከል ገና ያከራክራል። ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ግን አያከራክርም።

በሽታው ሁለት መልክ አለው። ደረቁ ቀስ በቀስ የሚሄድ፣ ብዙዎቹንም የሚይዝ ነው። እርጥቡ ከመቶ ሕመምተኞች ከ10 እስከ 15 ያህሉን ብቻ ይይዛል፤ ነገር ግን መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት ለከባድ መታወር ዋናው ምክንያት እርሱ ነበር። በእርጥቡ፣ ቪ.ኢ.ጂ.ኤፍ. በሚል ምህጻረ ቃል የሚታወቅ ፕሮቲን ይበዛና አዳዲስ የደም ሥር ያስበቅላል። ኦክሲጅን የጎደለው ሕዋስ ይህን ፕሮቲን እንደሚያመነጭ ይታወቃል። አሳቡ መልካም ይመስላል፤ የተራበ ስፍራ መንገድ ቢጠራ ምን ነውር አለበት? ነገር ግን የሚበቅሉት የደም ሥሮች ደካሞች ናቸው፤ ውኃና ደም ያፈስሳሉ። ያፈሰሱት ሬቲናውን ከስሩ ያነሣዋል። የተነሣ ሬቲና ቀጥ ያለውን መስመር ጎባጣ አድርጎ ያሳያል። አያታችን ያዩት ጎባጣ ምሰሶ ይህ ነበር። ቅዠት አልነበረም፤ ዓይናቸው የሆነውን ነገር በትክክል ነግረውናል።

መድኃኒቱስ? ያንን ፕሮቲን በ1989 አጥርቶ ካወጡት ሊቃውንት አንዱ በአሜሪካ በጄነንቴክ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ናፖሊዮኔ ፌራራ ነው። ፕሮቲኑን የሚያስር ራኒቢዙማብ የተባለ መድኃኒት በዓይን ውስጥ በመርፌ እንዲሰጥ በ2006 በአሜሪካ ተፈቀደ። በዚያው ዓመት በታተመ ጥናት፣ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ በሐኪም የፊደል ሰሌዳ ሲፈተኑ 15 ፊደል ያህል ያላጡት፣ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከመቶ 95 ገደማ፣ ካልወሰዱት ደግሞ ከመቶ 62 ነበሩ። ከወሰዱትም ሲሶ ያህሉ ማየታቸው በግልጥ ተሻሻለ። አስቀድሞ ለአንጀት ካንሰር የተፈቀደው፣ በዋጋ እጅግ የሚረክሰው ቤቫሲዙማብም ተመሳሳይ ውጤት እንዳለው በ2011 በወጣ ትልቅ ጥናት ታየ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2013 ለዓይን ሕክምና መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች መዝገብ አገባው። ነገር ግን መርፌው የሚያደርቀው የሚያፈስሰውን የደም ሥር ነው እንጂ ጠባሳን አይፈታም። ጉዳዩ የሳምንታት ጉዳይ ነው ማለት ነው። እኛ ግን ዘጠኝ ወር ቆየን።

፭. ስኳርና ደም ብዛት

የደም ሥር ጉዳት ከሁሉ ይበልጥ ግልጥ ሆኖ የሚታየው በስኳር በሽታ ነው። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር እንደ ጠጉር የቀጠኑትን የሬቲና የደም ሥሮች ግድግዳ ያደክማል። አንዳንዱ ስፍራ ይነፋል፤ አንዳንዱ ያንጠባጥባል፤ አንዳንዱም ይዘጋል። የተዘጋበት ስፍራ ኦክሲጅን ሲያጣ ያው ፕሮቲን ይጠራና ደካማ የደም ሥር ያበቅላል። ክፉነቱ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ለብዙ ዓመት ደኅና አድርጎ ማየቱ ነው። ሲታወቀው ብዙው ነገር አልፏል።

የዚህ ወገን መልካም ዜና ከእንግሊዝ አገር የመጣ ነው። በ1998 በታተመ ጥናት፣ ስኳርና ደም ብዛት ያለባቸው 1,148 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ። የአንደኛው ወገን የደም ግፊት በጥብቅ ተይዞ በአማካይ 144 በ82 ሆነ፤ የሁለተኛው 154 በ87 ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም በጥብቅ በተያዙት ዘንድ የሬቲና ጉዳት የመባባሱ አደጋ በመቶ 34፣ ማየት በብርቱ የመቀነሱ አደጋ ደግሞ በመቶ 47 ቀነሰ። አንባቢ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ያስብ፤ በዚህ ጥናት ዓይንን ያዳነው የዓይን ጠብታ ሳይሆን የደም ግፊት ክኒን ነው።

፮. የታወቀውና ገና ያልታወቀው

ጥናት ያነበበ ሰው ካነበበው በላይ እንዳይናገር ግዴታ አለበት። ስለዚህ የምናውቀውን ከምንጠረጥረው እንለይ።

ሲጋራ የማኩላን መድከም እንደሚያባብስ ማስረጃው ጠንካራ ነው። በ1996 የታተሙ ሁለት የአሜሪካ ጥናቶች፣ አንዱ በሐኪሞች፣ ሁለተኛው በነርሶች ላይ የተደረጉ፣ ብዙ ሲጋራ የሚያጨሱ ሰዎች ከማያጨሱት ይልቅ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ለዚህ በሽታ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይተዋል። ሲጋራ የደም ሥርን ያጠብባል፤ የደም ኦክሲጅንንም ይቀንሳል።

ደም ብዛትና ኮሌስትሮል ማኩላን ስለ መጉዳታቸው ግን ጥናቶቹ አይስማሙም፤ አንዱ ግንኙነት አገኘሁ ሲል ሌላው አላገኘሁም ይላል። ስለዚህ የአያታችንን ዓይን ያጠፋው ደም ብዛታቸው ነው ለማለት አንደፍርም። ደም ብዛት የሬቲናን የደም ሥር እንደሚጎዳና የስኳርን ጉዳት እንደሚያባብስ ግን የተረጋገጠ ነው። እንደዚሁም ዘር ትልቅ ድርሻ አለው፤ ሰውነታችን ራሱን ከሚከላከልበት ሥርዓት ጋር የተያያዘ አንድ ጂን ለማኩላ መድከም እንደሚያጋልጥ በ2005 ታውቋል። ስለ ግላኮማም ቢሆን፣ ዋናው ምክንያት የዓይን ውስጥ ግፊት ሆኖ ሳለ፣ ወደ ማየት ነርቭ የሚደርሰው ደም ማነስ ድርሻ እንዳለው ብዙ ሊቃውንት ያምናሉ፤ ድርሻው ምን ያህል እንደ ሆነ ግን አልተቆረጠም።

ስለ አገራችንም ማጋነን አይገባም። በ2005 እና በ2006 በተደረገው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት፣ ከሕዝቡ በመቶ 1.6 ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉን ያሳወረው ሞራ ነው፤ ከመቶ 11.5 ያህሉን ትራኮማ፤ ግላኮማና የማኩላ መድከም እያንዳንዳቸው ከመቶ 5 ያህሉን። እንግዲህ ሞራን በቀዶ ሕክምና ማንሣትና ትራኮማን ማጥፋት የቀደመ ሥራ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ሞራና ትራኮማ እየተቃለሉ፣ ሰውም ዕድሜው እየረዘመ በሄደ መጠን፣ በከተሞቻችንም ስኳርና ደም ብዛት እየተለመዱ በመጡ ቁጥር፣ የደም ሥር ድርሻ እያደገ መሄዱ አይቀርም።

፯. እኛስ ምን እናድርግ?

«እርጅና ነው» የሚለው ቃል አክብሮት ይመስላል፤ ነገር ግን ምርመራን የሚዘጋ ቃል ነው። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንበተን እያንዳንዳችን ልናደርገው የምንችለው ነገር አለ።

አንደኛ፣ የሒሳብ ደብተር አንድ ገጽ፣ ማለት በትንንሽ አራት ማዕዘን የተሰመረውን፣ ይዘን እንሂድ። በመካከሉ ጥቁር ነጥብ እናድርግ። አረጋዊው ሰው የንባብ መነጽር ካላቸው አድርገው፣ አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው፣ ከ30 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቀት ነጥቡን ይመልከቱ። በዙሪያው ያለው መስመር ቀጥ ብሎ ይታያቸዋልን? የጎበጠ፣ የተቆረጠ ወይም የጠፋ ስፍራ አለን? ከዚያም በሌላው ዓይን ይድገሙት። አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን፣ እየለዩ ማየት የግድ ነው። አዲስ ጉብጠት ከታየ የሚመጣውን ዕረፍት አንጠብቅ፤ በዚያው ሳምንት ወደ ዓይን ሐኪም ማድረስ ነው። የሬቲና ሐኪም በጥቂት ከተሞች ብቻ የሚገኝ መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው ቀን ማባከን የማይገባው። ይህ ወረቀት ግን የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ምንም ጉብጠት ባይታይ እንኳ በሽታ የለም ማለት አይደለም።

ሁለተኛ፣ የወላጆቻችንን የደም ግፊት እናስለካ። ደም ብዛት አያምም፤ ስለማያምም ነው መድኃኒቱ ሁለት ወር ተወስዶ የሚተወው።

ሦስተኛ፣ ስኳር ያለበት ዘመድ ካለን፣ ደኅና አድርጎ ቢያይም በየዓመቱ ሬቲናውን እንዲታይ እንምከረው።

አራተኛው ለራሳችን ነው። በፈተና ሰሞን «ለእንቅልፍ ማባረሪያ» እያልን የምናጨሰው ሲጋራ ሂሳቡን የሚያስከፍለን ከአርባ ዓመት በኋላ ሊሆን ይችላል። ዛሬ የምናነብበትን ዓይን ያን ጊዜም እንፈልገዋለን።

አምስተኛ፣ ስለ ምግብ። ማኩላን ቢጫ የሚያደርገው ቀለም፣ ሉቲንና ዘአዛንቲን፣ እንደ ጎመንና ቆስጣ ባሉ አረንጓዴ ቅጠሎች ይገኛል፤ ስለዚህ የጾም ወጡን አንናቀው። በክኒን መልክ የሚሸጠውን ግን በጥንቃቄ እንይ። በ2001 የወጣ የአሜሪካ ጥናት፣ በሽታው እመካከለኛ ደረጃ ላይ በደረሰባቸው፣ ወይም አንድ ዓይናቸው በተጎዳባቸው ሰዎች ዘንድ የቫይታሚንና የዚንክ ክኒን የመባባሱን አደጋ በመቶ 25 ያህል እንደ ቀነሰ አሳይቷል። በጤነኛ ዓይን ላይ ግን በሽታውን እንደሚከለክል አልታየም። ቤታ ካሮቲን የነበረበት የመጀመሪያው ቅመም ለሚያጨሱ ሰዎች የሳንባ ካንሰር ስለሚያሰጋ፣ በ2013 በወጣው ሁለተኛ ጥናት በሉቲንና በዘአዛንቲን እንዲተካ ተመክሯል።

አያታችን ዛሬ በሕይወት አሉ። የግራ ዓይናቸው ሞራ በቀዶ ሕክምና ተነሥቶላቸው በርሱ ያያሉ፤ ነገር ግን ሐኪሙ በዚያም ዓይን ድሩዘን አግኝቶበታል። አንዱ ዓይን በእርጥቡ በሽታ የተጎዳ ሰው ሁለተኛውም ለአደጋ የተጋለጠ ነው። የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ። በየእሑዱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ታናሽ እኅታችን የሒሳብ ደብተሯን ገጽ ትይዝላቸዋለች፤ እኛም ማታ ስልክ ደውለን እንጠይቃለን። እስካሁን መስመሩ ቀጥ ብሎ ይታያቸዋል። አንድ እሑድ «ጎብጧል» ያሉ ዕለት ግን ማናችንም እንደማንስቅ፣ አባታችንም በማግስቱ ይዟቸው እንደሚመጣ ተስማምተናል።

ይህንን የጻፍነው ተመሳሳይ ነገር ከሌላ ተማሪ ቤት እንዳይደርስ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይላሉ አባቶቻችን። ሽማግሌዎቻችን የሚያዩትን ሲነግሩን እንስማቸው፤ የነገሩንን ደግሞ «እርጅና ነው» ብለን ሳንዘጋ ሐኪም ዘንድ እናድርሰው። በጽሑፉ ላይ ስሕተት ያገኘ የሕክምና ፋኩልቲ ጓደኛችን በሚቀጥለው እትም ቢያርመን በደስታ እንቀበላለን።